ቤት ውስጥ ለመቅዳት የትኛው ማይክ? ኤስኤም58፣ ኤክስኤም8500፣ ኤቲ2020 እና «የተሻሻለው» ቢኤም-800

አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ዳር ባለ ክፍል ለመቅዳት ማይክ የሚፈልግ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርብለት ወፍራሙ ኮንደንሰር (ቀጭን ድምፅ ሳይቀር የሚይዝ፣ ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ማይክ) ነው፤ «የስቱዲዮ ነው» ይባላል። ጸጥ ያለ ክፍል ላለው ልክ ነው። ከመስኮቱ ሥር ረዳቱ ሲጣራ ለሚውልበት፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ለሚደበድብበት ሰው ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ዳይናሚኩ (በማግኔትና በጥቅልል ሽቦ የሚሠራው ማይክ) ነው።

ምክንያቱ ብዙዎች የሚሉት አይደለም። ዳይናሚክ ማይክ የውጭ ድምፅ መርጦ አያስቀርም። ጥቅሙ አፍን አስጠግቶ ለመናገር መመቸቱ ነው። ርቀቱን በግማሽ ሲቀንሱ የራስዎ ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ከአንድ ስንዝር፣ ማለትም ከ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከተጠጉ ጭማሪው 12 ዴሲቤል ይሆናል፤ የመንገዱ ጩኸት ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ጌይኑን (ድምፁ የሚጎላበትን መጠን) በዚያው ልክ ሲቀንሱ ጩኸቱም አብሮ ይወርዳል። ኮንደንሰርን እንዲህ ከተጠጉት ትንፋሹ ይመታዋል፤ ከራቁት ደግሞ ግድግዳውንና ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

ከዳይናሚኮቹ ሹር ኤስኤም58 ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚመረት ነው። ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ ይቀበላል፣ ቢወድቅም በቀላሉ አይበላሽም፣ ያገለገለ ሆኖ ቢገዛም ጥሩ ይሠራል። ችግሩ ሐሰተኛው መብዛቱ ነው። እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ የወርቅ ሚዛን ባይኖርም የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። በግልጽ ከቀለለ ይተዉት። ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ደግሞ ኤስኤም58ኤስ የሚባለው ብቻ ነውና፣ ማብሪያ ኖሮት እንደ ተራ ኤስኤም58 የሚሸጥ ከሆነ ይጠራጠሩ።

ቤሪንገር ኤክስኤም8500 በውጭ ገበያ የኤስኤም58ን ሩብ ገደማ ያወጣል። የድምፅ ክልሉ በወረቀት ላይ ያው ነው። ለንግግር፣ ለፖድካስትና ለመዝሙር ልምምድ ልዩነቱ ከዋጋው ልዩነት በጣም ያነሰ ነው። በእጅ ይዘው ሲያንቀሳቅሱት የሚሰማው ኩርኩርታ ከኤስኤም58 ይበልጣል፤ ማቆሚያ ላይ ካሰሩት ግን ነገሩ ያበቃል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ፣ የዕቃ ዋጋ ፈጥኖ ስለሚለዋወጥ እዚህ የብር ቁጥር አንጽፍም። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ኤክስኤም8500 ገዝቶ የተረፈውን ለሳውንድ ካርድ (ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር ለሚያገናኘው መሣሪያ)፣ ለማቆሚያና ለደህና ገመድ ማዋል ከሁሉም የሚሻል ነው ብለን እናምናለን።

ሳውንድ ካርዱ ነገሩን የሚወስነው እዚህ ላይ ነው። የኤስኤም58 ሴንሲቲቪቲ (ለአንድ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ) 1.85 ሚሊቮልት ሲሆን የኤቲ2020 14.1 ሚሊቮልት ነው፤ ሰባት እጥፍ ተኩል ገደማ። ዳይናሚክን በዝቅተኛ ድምፅ ለሚናገር ሰው በበቂ ለመቅዳት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ጌይን ያስፈልጋል። ርካሽ ሳውንድ ካርድ እዚያ ሲደርስ «ሽሽሽ» ማለት ይጀምራል። ሰዎች ያን ጊዜ ማይኩን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን የካርዱ ነው። መፍትሔው መጀመሪያ መጠጋት፣ ካልበቃ 25 ዴሲቤል ገደማ የሚጨምር ትንሽ ማጉያ በማይኩና በካርዱ መካከል መሰካት ነው፤ እሱም 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (ሳውንድ ካርዱ በማይኩ ገመድ የሚልከው ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል።

ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2020 ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ የሚቀበል፣ ያለ 48 ቮልት የማይሠራ ኮንደንሰር ነው። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ለሚቀዳ ሰው ከዳይናሚኮቹ የበለጠ ያረካል፤ የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲፍቅ የሚወጣው ቀጭን ሽሽታ ዳይናሚክ ላይ ይደበዝዛል፣ እዚህ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ከመሣሪያው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከቆዳው መሐል ትንሽ ወደ ጎን አድርጎ ማስቀመጥ ጥሩ መነሻ ነው። ለአማርኛ ድምፅ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ኮንደንሰር «ሰ»ን፣ «ሸ»ንና «ጸ»ን ያፏጫል፤ «ጠ»፣ «ጨ» እና «ቀ» ደግሞ አጭርና ስለታም ምት ይሰጣሉ፣ ድምፁ ከልክ ሲያልፍ የሚበራውን የሳውንድ ካርዱን ቀይ መብራት ድንገት ያበሩታል። ስለዚህ ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን 30 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ያዙሩት፤ ድምፅዎ ጫፉ ላይ ሲደርስም ከቀዩ መብራት በፊት 12 ዴሲቤል ባዶ ቦታ እንዲቀር ጌይኑን ዝቅ ያድርጉ።

አሁን ወደ ቢኤም-800 እንምጣ፤ በዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። በዚህ ስም የሚሸጡት ማይኮች ከአንድ ፋብሪካ አይወጡም፣ ውስጣቸውም ይለያያል። ትልቁ አካል ውስጥ የተቀመጠው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ኤሌክትሬት ካፕሱል (ቋሚ ቻርጅ ያለው ድምፅ ተቀባይ ክፍል) ነው። በ3.5 ሚሊ ሜትር ገመድ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ከሞከሩትና ድምፁ ደካማና «ሽሽሽ» የበዛበት ከሆነ፣ ከማሻሻልዎ በፊት 48 ቮልት ካለው ሳውንድ ካርድ ጋር በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ) ገመድ ያገናኙት። ግማሹ ችግር እዚያው ይፈታል።

ሁለተኛው ችግር «ምምም» የሚለው የኤሌክትሪክ ድምፅ ነው። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ የማይኩ የብረት አካል ላይ፣ ሌላውን የኤክስኤልአር መሰኪያው ፒን 1 ላይ ያድርጉ። ወደ ዜሮ ኦም የማይጠጋ ከሆነ አካሉ አልተገናኘም፤ እጅዎ ሲነካው ድምፁ የሚለወጠውም ለዚህ ነው። ከታች ያለውን ቀለበት ፈትተው ቱቦውን ያውጡ፣ ከውስጠኛው የብረት መዋቅር ወደ ፒን 1 አጭር ሽቦ በካውያ ይበይዱ። በጣም ርካሹና በጣም የሚጠቅመው ማሻሻያ ይኸው ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር በሚያመጣው «ምምም» ግን ማይኩን አይክሰሱ፤ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይሞክሩ።

ካፕሱል መቀየር የሚያስቡ ይህን ልብ ይበሉ። 34 ሚሊ ሜትሩ እውነተኛ ኮንደንሰር ካፕሱል ራሱን የቻለ የፖላራይዜሽን ቮልቴጅ (ካፕሱሉን ቻርጅ የሚያደርግ ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል፤ የኤሌክትሬት ማይክ ሰርኪት ያንን አይሰጥም። ዝም ብሎ ቢበየድ ወይ ድምፅ የለም፣ ወይ የሞተ ያህል ደካማ ነው። ኤምኤክስኤል 990 የሚባለው ኮንደንሰር ማይክ ግን ያን ቮልቴጅ ስለሚሰጥ ለዚህ ሥራ የተሻለ መነሻ ነው። ካፕሱሉ ኬ67 ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከ10 ኪሎኸርዝ አካባቢ ላይ ከፍ የሚል ድምፅ አለው፤ መጀመሪያ የተሠራው ያንን ከፍታ መልሶ ከሚያወርድ ሰርኪት ጋር እንዲጣመር ነው። ርካሽ ማይኮች ሰርኪቱን ስለሚተዉት ይጮኻሉ። ለዚህ ጩኸት ብቻ ከሆነ ካፕሱል ሳይገዙ በሶፍትዌር ከ8 ኪሎኸርዝ በላይ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ይቀንሱ፣ በነፃ ይስተካከላል።

ማይኩን ለመክፈት ከወሰኑ ፋንተሙን አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። የካፕሱሉን ሽፋን አይንኩት፣ አይንፉበት። በማይኩ ሰርኪት ላይ ያለው 1 ጊጋኦም ሬዚስተር የጣት ቅባት ከነካው ወይም የብየዳ ቅሪት ከተረፈበት ማይኩ በእርጥብ ቀን «ጠጥ ጠጥ» ይላል፤ በንጹሕ አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይዝጉት። ክረምት ላይ ማንኛውም ኮንደንሰር ሲሊካ ጄል ባለበት በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ።

የኤስኤም58ን ትራንስፎርመር ማውጣት በብዙ ቦታ ይመከራል። ድምፁ ይወፍራል፣ ግን ኃይሉ 10 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ጌይን ለቸገረው ሰው ይህ ማሻሻያ አይደለም፤ አይንኩት።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ምናለሽ ተራ ይሁን ሌላ ቦታ ሲሄዱ ጆሮ ማዳመጫ፣ ሳውንድ ካርድና ላፕቶፕ ይዘው ይሂዱ። ገመዱን እያወዛወዙ 30 ሰከንድ ዝምታ ይቅዱ፣ ከዚያ በአራት ጣት ርቀት «ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ቅዳሜ፣ ጸሐይ» ይበሉ። «ቅ» ላይ ከተቆራረጠ ጌይኑን ቀንሰው ይድገሙት፤ አሁንም ከተቆራረጠ ካፕሱሉ ወይም ሽቦው ተጎድቷል፣ አይግዙት።