ኖኪያ 1100፦ ባለ ባትሪው ስልክ

እ.ኤ.አ. በ2003 ገበያ ላይ የዋለውና ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ኖኪያ 1100፣ ዛሬም አጥብቄ የምናፍቀው ስልክ ነው። አናቱ ላይ የተገጠመለት የእጅ ባትሪ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማና ክብሪት ፍለጋ በጨለማ ከመደናበር ያድን ነበር፤ ለማብራትም «ሲ» የተጻፈበትን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ብቻ ይበቃል። የቁልፎቹ ሽፋን ወጥ ጎማ በመሆኑ አቧራ በቀላሉ አይገባውም፤ ጣት አንዴ ከለመደው ደግሞ ቁጥሮቹን ሳያዩ መደወል ይቻላል። ካሜራም ኢንተርኔትም የለውም። አብዛኞቻችን የአማርኛ መልእክታችንን በላቲን ፊደል እንጽፍበት የነበረ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ጉድለቱ ነው። ያም ሆኖ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ለቀናት ስለሚቆይ፣ መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ከዚህ የተሻለ ሁለተኛ ስልክ አላውቅም። አሮጌውን የሚገዛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ የስልኩ ባትሪ አለማበጡን አስቀድሞ ያረጋግጥ።