የኔን የመብራት ሂሳብ እያሳዩ «ቆጣቢ ሳጥን» የሚሸጡ ሰዎችን እንዳታምኑ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልድያ ሆቴል፣ ፔንሲዮን ወይም የሱቅ ሕንፃ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የሁለት ወር የመብራት ሂሳብ ፎቶ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። የየካቲት 2017 ዓ.ም. 3,420 ኪሎዋት ሰዓት፣ የመጋቢቱ 2,310 ይላል። ሂሳቡ እውነተኛ ነው፤ የኔው ነው። ቅናሹን ያመጣው ግን እነሱ የሸጡልኝ ሳጥን አይደለም።

ሕንፃችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፤ ታች ካፌና ሱቆች፣ ላይ አሥራ ሁለት አልጋ ክፍሎች አሉት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተዘረፈ በኋላ በብድር ነው ያቆምነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ሲጨምር ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለቱ ወጣቶች የመጡት በዚህ ጭንቀት መሐል፣ በየካቲት መጨረሻ ነው። ትሑቶች ናቸው፤ «እትዬ፣ አብሽሩ፤ ሂሳብዎ በአርባ በመቶ ይወርዳል» አሉኝ። የውሃ መሳቢያ ሞተራችንን አስነሥተው፣ ገመዱን እንደ ጉጠት በሚይዝ መለኪያ ለኩት። ሳጥኑን ሲያገናኙት ስድስት የነበረው አምፔር (በገመዱ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን) ወደ አራት ወረደ። በዓይኔ ስላየሁት አመንኩ። ባለ ሦስት ፌዝ (መብራት በሦስት መስመር የሚገባልን) ስለሆንን ሦስት ሳጥን ያስፈልጋችኋል ብለው 96,000 ብር ተቀበሉ። የሰጡኝ ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ ተራ ወረቀት ነበር።

የመጋቢት ሂሳብ ወርዶ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ፎቶ እንዲያነሡት ፈቀድኩ። ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት ነገር ቢኖር ወሩን ነው። ረመዳንና ዐቢይ ጾም የገጠሙበት ወር ነበር። ወሎ ውስጥ ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ ካፌ ቀን ቀን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ የቡና ማሽኑ እንኳን እስከ ማታ አይነሣም። እንግዳም አልነበረም፤ ከአሥራ ሁለቱ ክፍሎች ሰባቱ ባዶ ነበሩ። ዒድና ፋሲካ አልፈው ግንቦት ላይ ስናየው ቆጣሪው 3,465 ቆጥሯል። ስልካቸው አይሠራም። ኮምቦልቻ አለን ያሉት ቢሮ ድረስ ሄድኩ፤ ቤቱን ለቀው ወጥተዋል። ከሁሉ የሚያመኝ ጎረቤቴ የኔን ሂሳብ አይቶ፣ እኔንም ጠይቆ፣ «አዎ ወርዷል» ስላልኩት መግዛቱ ነው።

ሳጥኑን የከፈቱልኝ ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ አንድ አባት ናቸው። ውስጡ ካፓሲተር የሚባል፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ ይዞ መልሶ የሚሰጥ ዕቃና ጥቂት አረንጓዴ መብራቶች ብቻ ናቸው። ያስረዱኝን በራሴ ቃል ልንገራችሁ። ሞተር ለሥራ ከሚበላው ኃይል ሌላ፣ ማግኔቱን ለመፍጠር ከመስመሩ ወስዶ መልሶ የሚሰጠው ኃይል አለ። ይህ ተመላላሽ ኃይል ገመዱ ላይ አምፔር ሆኖ ይታያል፤ ሂሳባችንን በሚወስነው ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ ግን አይቆጠርም። ካፓሲተሩ ያንን ኃይል እዚያው ስለሚያቀርብ አምፔሩ እውነትም ይወርዳል። የሚቀንስልን ግን ድሮም ያልከፈልንበትን ነው። ትልልቅ ሞተሮች የሚያዞር ፋብሪካ በልኩ ተሰልቶ ሲገጠምለት ሊጠቀም ይችላል። የእኛን ገንዘብ የሚበሉት ቦይለርና ምጣድ ግን ሙቀት ሰጪዎች ናቸው፤ ሳጥኑ ለእነሱ ምንም አያደርግም።

ስለዚህ ሻጭ ሲመጣባችሁ አምፔር ሳይሆን ቆጣሪ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በአዳዲሶቹ ቆጣሪዎች ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ እያንዳንዷ ብልጭታ የተወሰነ የኃይል መጠን ናት። ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ ሞተሩን ብቻ አስነሡና አምስት ደቂቃ ብልጭታውን ቁጠሩ። ከዚያ ሳጥኑን አገናኝታችሁ እንደገና ቁጠሩ። እኛ ያለ ሳጥን 63፣ ከሳጥን ጋርም 63 ቆጠርን። የቀድሞ ደንበኛ ሂሳብ ካሳያችሁም ብሩን ተዉት፤ ታሪፉ ስለሚለዋወጥ ኪሎዋት ሰዓቱን እዩ፤ አንድ ወር ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ፣ ስንት ክፍል እንደተያዘም ጭምር ጠይቁ።

የእኛ መብራት የሚባክነው የት እንደነበር እኚያው አባት በአንድ ከሰዓት አሳዩን። ደሴ ብርድ ናት፤ 80 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። የእኛ ቦይለሮች ደግሞ ባዶ ክፍል ውስጥ እንኳን ሌሊትና ቀን ይሞቁ ነበር፤ የሙቅ ውሃ ቧንቧዎቹም እርቃናቸውን ናቸው። ክፍል ካልተያዘ ማጥፋት ጀመርን፤ ቧንቧዎቹን ሸፈንን። በደረጃውና በኮሪደሩ ሌሊቱን የሚያድሩትን አሥራ ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቀየርን፤ ይህ ብቻውን በወር 220 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የሰኔ ሂሳባችን 2,780 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ፤ ያውም ክፍሎቹ እንደ ግንቦት ተይዘው። ወጪው ለሳጥኖቹ ከከፈልነው አንድ አምስተኛ አልሞላም።

ያ ፎቶ እጃችሁ ከገባ ብቻውን አትመኑት። ወደ እኛ ካፌ ኑ፤ የዓመቱን ሂሳብ በሙሉ ባንኮኒው ሥር አስቀምጫለሁ፣ የተከፈተውን ሳጥንም አሳያችኋለሁ።