ከአንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ፦ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ምስጋና

ይህን ከመጻፌ በፊት ብዙ አመነታሁ። ስለ ሽንት በአደባባይ ማውራት ለእኛ ቀላል አይደለም። ግን ናይት የሚገቡ እህቶቼን ሳስብ ዝም ማለት አቃተኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ናይት የምንገባው ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። 15 ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሽንት ቤት የምሄደው አንዴ ነበር። አንዳንድ ሌሊት ጭራሽ ቋጥሬ አድራለሁ። ታካሚው ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ሆኖ ማንን ጥለሽ ትሄጃለሽ? የሠራተኛው ሽንት ቤት ከኮሪደሩ ማዶ ነው፤ ቁልፉ ሌላ ክፍል ነው፤ ውሃው ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ውሃ መጠጣት ተውኩ። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ግን ቡና በላይ በላዩ እጠጣለሁ።

ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ላለው ታካሚ ሽንቱን በየሰዓቱ እለካለሁ። ከ30 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ሐኪም እጠራለሁ። ስለራሴ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

መጀመሪያ ማቃጠል ጀመረኝ። እናቴ "ብርድ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ ነው" አለችኝ። እኔም ነርስ ሆኜ ሳልመረመር ከፋርማሲ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቼ ዋጥኩ። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ! ከዚያ የባሰው መጣ። ቀን ስተኛ ሽንት አራቴ ይቀሰቅሰኛል። የቤቴን በር ልከፍት ቁልፍ ሳወጣ ያመልጠኝ ጀመር። ሽንት አመለጣት ሲባል እዚህ አገር ቶሎ የሚታሰበው ፌስቱላ ነው። እኔ ደግሞ ወልጄ አላውቅም። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ካልቸር (ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ የሚለይ ምርመራ) አሠርቶ በትክክል አከመኝና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። ፊዚዮቴራፒ የወገብና የጉልበት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባለሙያዋ መጋረጃውን ዘግታ ተቀመጠችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሲስተር፣ ናይት ትገቢያለሽ?" ብላ ነው። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ። እሷም አላጣደፈችኝም።

ለ3 ቀን የጠጣሁትን፣ የሸናሁትን፣ ያመለጠኝንም ከነሰዓቱ እንድጽፍ ወረቀት ሰጠችኝ። ሽንቴን በመለኪያ እየለካሁ ጻፍኩ። አንድ ጠዋት ከተራዬ ስወጣ 750 ሚሊ ሊትር ሆነ። የሰው ፊኛ በደህናው ጊዜ የሚይዘው ከ400 እስከ 500 ገደማ ነው። ወረቀቱን አየችና "ፊኛሽ ሌሊት ይለጠጣል፣ ቀን ደግሞ ይቆጣል" አለችኝ። ለረጅም ሰዓት የተቋጠረ ሽንት ለባክቴሪያ እንደሚመች አውቃለሁ፤ ለታካሚም አስተምራለሁ። የማላውቀውን ግን ነገረችኝ። ሌሊት ሰውነታችን ቫሶፕሬሲን የሚባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል፤ ኩላሊትም ሽንት ይቀንሳል። ናይት አድረን ቀን ስንተኛ የሰውነታችን ሰዓት ቶሎ አብሮን አይዞርም። ኩላሊት እንደ ቀኑ መሥራቱን ይቀጥላል። እንቅልፌን የሚቆርጠው ይኸው ነበር።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ፊኛን ከሥር ደግፎ የሚይዘውን የዳሌ ወለል ጡንቻ ማጥበቅና መልቀቅ፣ ስምንት ስምንቴ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል ይህን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ነርሲንግ ስማር ስሙን ሰምቼ አልፌዋለሁ። እሷ ግን በትክክል መሥራቴን አረጋገጠች። ለካ ሆዴንና መቀመጫዬን ነበር የማጠብቀው! በር ላይ ሲያጣድፈኝ እንዳልሮጥ፣ ቆሜ ጡንቻውን አምስት ስድስቴ ቶሎ ቶሎ እንድጨብጥ፣ ስሜቱ ሲበርድ በእርጋታ እንድሄድ አሳየችኝ። ቡናዬን ወደ ተራው መጀመሪያ አመጣሁት። ውሃ በሃይላንድ ይዤ ትንሽ ትንሽ እጠጣለሁ። ውሃ መተው ሽንቱን ያወፍረዋል፣ ፊኛውንም የባሰ ያስቆጣዋል ብላኛለች።

ያልጠበቅኩት ደግሞ ይኼ ነው። ከሥራ ሰዓቷ ውጪ፣ ማታ ርክክብ ላይ እኛ ክፍል መጥታ ለናይት ተረኞች አስረዳች። ሳንቲም አልጠየቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሁለት ሆነን ተጣምረናል። ሦስት አራት ሰዓት ሲሞላ አንዷ "ታካሚሽን እኔ አያለሁ፣ ሂጂ" ትላለች። ቁልፉም አሁን እኛ ዴስክ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህች ትንሽ ነገር ስንት ሰው እንዳሳረፈች!

እኔ ሦስት ወር ፈጀብኝ። አሁን ቀን ስተኛ አንዴ ብነሳ ነው። በር ላይ ማምለጡ ቆሟል። ለባለቤቴም ነግሬዋለሁ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በፈቃዷ አገናኛችኋለሁ። ከአዲስ አበባ ውጪ ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ገብታችሁ ስለ ዳሌ ወለል ጡንቻ ጠይቁ፤ አትፈሩ። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካለባችሁ ግን ቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እሷም ቀድማ የምትጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።