«ኤሊየን፦ አይሶሌሽን» ወይስ «ማድ ማክስ»? ከፊልም የተቀዳ ጌም በጎጃም ለሚገዛ ሰው የቀረበ ንጽጽር

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ከእግር ኳስ ጌም ወጣ ያለ ነገር ሲፈልግ፣ ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ስሙን ከፊልም በሚያውቀው ዲስክ ላይ ነው። የስሙ መታወቅ ግን ለጥራቱ ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካው ጌም አምራች አታሪ በ1982 (እዚህ ያሉት የጌሞቹና የፊልሞቹ ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ«ኢ.ቲ.» ፊልም ስም የወጣውን ጌም ለገና ገበያ ለማድረስ በአምስት ሳምንት ገደማ አሠርቶ ለኪሳራ ከተዳረገ ወዲህ፣ ገምጋሚዎች ከፊልም የተቀዳ ጌምን በጥርጣሬ ማየት ለምደዋል። ጥርጣሬያቸው በአብዛኛው ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያሉ ጌሞች ፊልሙ ሲኒማ ቤት ለሚገባበት ቀን ሲባል ተቻኩለው ይወጣሉና። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ሁለቱ ግን የፊልሙን ታሪክ የሚደግሙ አይደሉም፤ የፊልሙን ዓለም ተውሰው የራሳቸውን ታሪክ ይነግራሉ።

«ኤሊየን፦ አይሶሌሽን» በጥቅምት 2014 የወጣ፣ የእንግሊዙ ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የሠራው ጌም ሲሆን፣ በ1979 የታየው የመጀመሪያው «ኤሊየን» ፊልም ካበቃ ከ15 ዓመት በኋላ የፊልሙ ባለታሪክ ልጅ አማንዳ ሪፕሊ የእናቷን ዱካ ስትፈልግ ያሳያል። የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካዩን የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ለፕሌይስቴሽን 4 ቅጂው ከመቶ 79 ሰጥቶታል። ከዚህ አማካይ በስተጀርባ ግን ሰፊ ልዩነት አለ፦ ፒሲ ጌመር የተባለው መጽሔት 93 ከመቶ ሲሰጠው፣ አይጂኤን የተባለው የጌም ድረ ገጽ 5.9 ከአሥር ብቻ ሰጥቶታል። ሁለቱም ወገኖች የተመለከቱት ያንኑ ነገር ነው። ጌሙ በስሙ የሚጠራበት ከሌላ ዓለም የመጣው አውሬ (ኤሊየን) ተጫዋቹን ያድነዋል፤ አውሬው ሊገደል አይችልም፤ ተጫዋቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሸሽጎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አውሬው እስኪያልፍ ይጠብቃል። እንቅስቃሴን የሚጠቁመው መሣሪያ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ አውሬውን ሊጠራው ይችላል። ያወደሱት ይህን ፍርሃት ፊልሙ ከሚፈጥረው ፍርሃት ጋር የሚተካከል ብለው ሲያደንቁት፣ የነቀፉት ደግሞ ጌሙ ከሚገባው በላይ መርዘሙንና ደጋግሞ መሞቱ እንደሚያሰለች ጽፈዋል።

ለእኛ ገዢ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የሴቭ (የደረሱበትን መዝግቦ የማስቀመጥ) አሠራሩ ነው። ጌሙ በራሱ ጊዜ እየመዘገበ አይሄድም። ተጫዋቹ በጌሙ ውስጥ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ መሣሪያ ዘንድ ደርሶ ካርዱን ያስገባል፤ ከዚያም ሦስት መብራቶች ተራ በተራ እስኪበሩ ይጠብቃል፤ በዚያች ቅጽበት አውሬው ከኋላው ሊደርስበት ይችላል። መብራት በማይጠፋበት አገር ተቀምጦ ለሚጽፍ ገምጋሚ ይህ ጭንቀትን የሚጨምር ብልሃት ነው፤ አንዳንዶቹም በዚሁ አመስግነውታል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲጠና፣ ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር መብራት እልም በሚልበት በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከአንዱ የሴቭ መሣሪያ ወደ ሌላው ለመድረስ በጥንቃቄ የተደበቀበትና የተንፏቀቀበት ጊዜ ሁሉ መብራቱ በሄደ በአንድ ሰከንድ ከንቱ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ተጫዋቹ በሠራው ጥፋት የመጣ ሽንፈት ስላልሆነ ይበልጥ ያበሳጫል። ስለዚህ ይህን ዲስክ የምመክረው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያገለግል ባትሪ) ላለው ወይም መብራት በማይቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ነው። ሁኔታው ለተሟላለት ሰው ግን ከፊልም ከተቀዱት ጌሞች ሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ በሌሊት፣ ብቻውን ይጫወተው።

«ማድ ማክስ» በመስከረም 1 ቀን 2015 ወጣ። የሠራው የስዊድኑ አቫላንች ሲሆን፣ የፕሌይስቴሽን 4 ቅጂው በሜታክሪቲክ 69 አግኝቷል። የ«ማድ ማክስ» ተከታታይ ፊልሞች አዲሱ ክፍል በዚያው ዓመት በግንቦት ቢታይም ጌሙ የፊልሙን ታሪክ አይከተልም። ገምጋሚዎች የነቀፉት በዋናነት ድግግሞሹን ነው፦ ካምፕ ማጥቃት፣ ቁርጥራጭ ብረት መልቀም፣ ግንብ ማፍረስ፣ ከዚያም እንደገና ያንኑ። ታሪኩም ስስ ነው ብለዋል። ነቀፌታው እውነት ነው። የመኪናው ውጊያ ግን የነቀፉትም ጭምር ያደነቁት ነው፤ በካቴና የታሰረው ጦር ተወርውሮ መጀመሪያ የጠላትን መኪና በር ይገነጥላል፣ ሲደገም ደግሞ ነጂውን ከመቀመጫው ጎትቶ ያወጣዋል። የአሸዋው ማዕበል ሲመጣ ሰማዩ ይቀላል፣ መብረቅ ይወርዳል፣ ተጫዋቹም መጠለያ ፍለጋ ይነዳል። ይህ ጌም ቶሎ ቶሎ በራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ መብራት ቢጠፋ የሚባክነው ጥቂት ነው። ድግግሞሹም ቢሆን፣ ጌሙን በጥቂት ቀን ውስጥ ጨርሶ ግምገማ ማድረስ ያለበትን ጸሐፊ የሚያማርረውን ያህል፣ ከሥራ መልስ ትንሽ ተጫውቶ የሚተኛን ሰው አያማርርም። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌሞች የኢንተርኔት መደብር ጌሙን የገዙ ተጫዋቾች ከገምጋሚዎቹ በእጅጉ የላቀ አድናቆት የሰጡትም በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንግዲህ በ79 እና በ69 መካከል ያለው አሥር ነጥብ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ «ኤሊየን» በአሠራሩ የላቀ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ መብራቱ ለሚቆራረጥበት ቤት «ማድ ማክስ» ይሻላል ብዬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። በኤሊየን ውስጥ የሚነበበው የኮምፒውተር መልእክት ብዙ ነው፤ የታሪኩ ግማሽ ጣዕም ያለው እዚያ በመሆኑ እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው ጉዳት አለው። በማድ ማክስ ግን የሚደረገው ነገር ሳይነበብም ይገባል። ሁለቱም ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቀዱም፤ ወላጆች ይህን ሳያዩ ባይገዙ ይመረጣል።

ጌም ቤት ለከፈተ ሰው ሁለቱም አይሆኑም። ደንበኛ የሚመጣው ከጓደኛው ጋር ነው፤ «ጋሼ፣ ለሁለት የሚሆን የለም?» ሲባል ሁለቱም ዲስኮች መልስ የላቸውም፤ የአንድ ሰው ጌሞች ናቸውና። ለእርሱ የሚስማማው በሚያዝያ 2022 የወጣው «ሌጎ ስታር ዋርስ፦ ዘ ስካይዎከር ሳጋ» ነው፤ ዘጠኙን ፊልሞች በቀልድ አዋዝቶ ያቀርባል፣ ማያ ገጹን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ልጆችን በአንድ ጊዜ ያጫውታል፣ የገምጋሚዎቹም አቀባበል ሞቅ ያለ ነበር።

እስካሁን ፕሌይስቴሽን 3 ለሚጠቀም ሰው አንድ ማሳሰቢያ ይገባል። ኤሊየን፦ አይሶሌሽን ለዚያም ማሽን ወጥቷል፤ ነገር ግን ከዚያው የፊልም ቤተሰብ የመጣው «ኤሊየንስ፦ ኮሎኒያል ማሪንስ» የተባለው የ2013 ጌምም በዚያው ማሽን ይሠራል። ይህኛው በሜታክሪቲክ ከ50 በታች የወረደ፣ ከመውጣቱ በፊት ለማስታወቂያ የታየው ምስል ከተሸጠው ዲስክ ጋር ባለመመሳሰሉ ገዢዎችን ያስቆጣ፣ አውሬዎቹም ፊት ለፊት እየሮጡ ለጥይት የሚዳረጉ ጌም ነው። በስም መመሳሰል እንዳይሳሳት፣ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በሽፋኑ ላይ «አይሶሌሽን» የሚለውን ቃል ይፈልግ፤ ዲስኩንም አውጥቶ ጭረት እንደሌለው ጀርባውን በብርሃን ይመልከት፤ ሻጩ ማሽን ካለውም እዚያው አስጀምሮ የመጀመሪያው ትዕይንት እስኪከፈት ይጠብቅ።