ሄቨን፦ ከባለቤቴ ጋር ለወራት ከተጫወትነው በኋላ

ስለ ጌም የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ገና በወጣ ሰሞን ነው። ሄቨን የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ስለሆነ ስለሱ ያልተባለ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ልጽፍ የፈለግኩት ወራት ቆይቶ ምን እንደሚቀር ነው። ታሪኩን ጨርሰነዋል፣ ግን ጌሙ እስካሁን ላፕቶፓችን ላይ አለ። ባለቤቴ ቦታ ሞላ ባለ ቁጥር ያገኘውን ሁሉ ያጠፋል፤ ይሄኛው ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ላልሰማ ሰው ባጭሩ። ዩ መካኒክ ናት፣ ኬይ ደግሞ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የሚያጠና ሰው ነው። የመጡበት አፒያሪ የሚባል ቦታ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሚወሰነው በራስ ምርጫ አይደለም፤ ማችሜከር የሚሉት አካል ነው የሚያጣምረው። እነዚህ ሁለቱ በዚያ ምደባ አልተስማሙም። መርከባቸውን አስነሱና ኮበለሉ። ያረፉባት ፕላኔት ሶርስ ትባላለች፤ ተሰባብራ ቁርጥራጯ አየር ላይ የተንሳፈፈ፣ ሰው የማይኖርባት፣ ድሮ ሰዎች መጥተው አበላሽተዋት ጥለዋት የሄዱት ናት። ኔስት የምትባለው መርከባቸው መኖሪያ ቤታቸውም ናት፤ ወጥ ቤት፣ አልጋ፣ ሻወር፣ ሁሉም እዚያው ነው። ገና በመጀመሪያው መሬቱ ይንቀጠቀጥና መርከቧ ትጎዳለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መለዋወጫ ፍለጋ ነው።

ይሄንን ለአማቴ ስንነግራቸው ምንም አልገረማቸውም። "ቤተሰብ የመረጠላትን ትታ ኮበለለች በሉኛ" አሉና ወደ ሻያቸው ተመለሱ። እውነታቸውን ነው፣ ታሪኩ ለእኛ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሽማግሌ የሚላክበት ሰው ስለሌለ ብቻ ነው የሚለየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፍቅር ታሪክ ያላቸው ጌሞች ብዙ ናቸው፣ ግን አብዛኞቹ የሚተርኩት እስኪገናኙ ድረስ ያለውን ነው። ተያዩ፣ ተግባቡ፣ ተሳሳሙ፣ አለቀ። ሄቨን ሲጀምር ዩ እና ኬይ አብረው መኖር ጀምረዋል። ድግስ አልደገሱም፣ ቀለበት አላሰሩም፣ ግን ባልና ሚስት ናቸው፣ እኔ ሌላ ስም አላገኝላቸውም። የሚቀላለዱትም የሚነጫነጩትም የቆየ ጥንድ እንደሚያደርገው ነው። አንዱ ሲያበስል ሌላው ይነዘንዛል። አንዷ የቤተሰቧን ነገር አንስታ ስትተክዝ ሌላው ምን እንደሚል ይጠፋውና ቀልድ ይጀምራል፣ ቀልዱም አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። እዚህ ላይ የጻፉት ሰዎች ትዳር ውስጥ የኖሩ መሆን አለባቸው ብዬ አስባለሁ። ጌሙን የሠራው ሞንፔሊየ፣ ፈረንሳይ ያለ ዘ ጌም ቤከርስ የሚባል ትንሽ ስቱዲዮ ነው። ከዚህ በፊት እ.ኤ.አ. በ2016 ፉሪ የሚባለውን ሠርተው ነበር፤ እሱ ከአንድ ኃይለኛ ጠላት ወደ ሌላ ኃይለኛ ጠላት ብቻ የሚኬድበት፣ ትንፋሽ የማይሰጥ ጌም ነው። ባለቤቴ ፉሪን ስለሚወድ ይሄንንም እንደዚያ መስሎት ነበር የጀመረው። የመጀመሪያውን ሰዓት "ድብድቡ መቼ ነው የሚጀምረው?" እያለ ጨረሰው።

እንቅስቃሴው ግን ወዲያው ነው የያዘን። ሁለቱ የሚሄዱት በእግራቸው ሳይሆን ከሣሩ ትንሽ ከፍ ብለው እየተንሸራተቱ ነው። መሬቱ ላይ ሰማያዊ የብርሃን መስመሮች አሉ፣ ፍሎው ይሏቸዋል፤ መስመሩን ተከትላችሁ ስትንሸራተቱ ኃይል ትሞላላችሁ፣ አንዳንዱም ወደ ላይ ይዟችሁ ይወጣል። በተጠራቀመው ኃይል ደግሞ መሬቱን የሸፈነውን ዝገት ታጸዳላችሁ። ዝገት ያልኩት ቀላ ያለ፣ የተጋገረ ነገር ነው፤ ላዩ ላይ ስታልፉ ይበናል፣ ከሥሩ አረንጓዴው ይወጣል። መታጠፊያ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲያዘነብሉ፣ ዳንጀር የሚባለው ፈረንሳዊ የሠራው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከኋላ ሲመታ፣ ከሥራ ደክሞ ለመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ሙዚቃውን ለብቻውም እሰማዋለሁ፣ በተለይ ምግብ ሳበስል።

ብቻችሁን መጫወት ትችላላችሁ። እኔ ግን አልመክርም፣ ምክንያቱም ለሁለት ሰው ሲሆን ጌሙ ሌላ ነው የሚሆነው። በሁለት ጆይስቲክ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። እኔ ዩን፣ እሱ ኬይን። ንግግር መሃል ምርጫ ሲመጣ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት መልስ ካልመረጣችሁ ታሪኩ አይቀጥልም። ይሄ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ አይደለችም።

አንዴ ኬይ የሆነ ነገር ደብቆ ዩ ደረሰችበት። እኔ "ለምን አልነገርከኝም" የሚለውን መንፈስ የያዘውን መልስ መረጥኩ፣ ባለቤቴ ነገሩን በሳቅ የሚያሳልፈውን መረጠ። ሁለቱም ገጸ ባሕርያት ቆመው ይጠብቃሉ። እኔም አልለቅም፣ እሱም አይለቅም። "እሱ እኮ እንድትጨነቂ ስላልፈለገ ነው የደበቀው" አለኝ። "እሱ ነው ወይስ አንተ?" አልኩት። ሻይ ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆ ታጥቦ፣ ከዚያ ነው የተስማማነው፤ የማን መልስ እንዳለፈ አልናገርም። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የሁለት ሰው ጌሞችን ስንጫወት የሚጎድለኝ ይሄ ነው። አብሮ መተኮስ ቀላል ነው፣ አብሮ መልስ መስጠት ነው ከባዱ።

ድብድቡን በተመለከተ፣ አዎ አለ፣ ግን መግደል የለም። በዝገቱ የታመሙ እንስሳት ይመጡባችኋል፤ የምታደርጉት አዳክማችሁ ማረጋጋት ነው፣ ከዚያ ዝገቱ ይለቃቸውና በሰላም ይሄዳሉ። አጨዋወቱ ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ኃይል ማጠራቀም፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። አራት ነገር ማድረግ ትችላላችሁ፤ በቅርብ መምታት፣ ከሩቅ መተኮስ፣ መከላከል፣ ማረጋጋት። ሁለታችሁ አንድ ዓይነቱን እኩል ከያዛችሁና እኩል ከለቀቃችሁ ተደምሮ ትልቅ ምት ይሆናል። ባለቤቴ ቸኩሎ ይለቃል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ "ያዝ… ያዝ… ያዝ አልኩህ… አሁን!" የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ እግዜር ይወቅ።

መጀመሪያ አካባቢ ይሄ ሁሉ ደስ ይላል። ከግማሹ በኋላ ግን ይደጋገማል፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። የእንስሳቱ ዓይነት ጥቂት ነው፤ አንዴ የያንዳንዱን ጠባይ ካወቃችሁ አዲስ ነገር ብዙም አይመጣም። ዝገት ማጽዳቱም እንዲሁ። አንዳንዱ ደሴት ላይ የቀረች አንዲት ቁራጭ ዝገት ፍለጋ ስንዞር ባለቤቴ "ይሄማ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ማጽዳት ነው፣ ያውም ያልከፈሉን" አለ። ልክ ነው። ካርታውም አያግዝም። የትኛው ደሴት ላይ እንዳላችሁና ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ያሳያችኋል፤ ደሴቷ ውስጥ ገብታችሁ አቅጣጫ ሲጠፋባችሁ ግን ራሳችሁ ናችሁ የምታውቁት። ወደፊት እየተጓዛችሁ ስትሄዱ መመላለሱ ይበዛል። በአየር የምታመላልስ ወፍ መሳይ ፍጥረት ቆይታ መምጣቷ ጥሩ ነው፣ እኔ ብሆን ግን ቀደም ብዬ ነበር የማመጣት።

ወደ ቤት መመለሱን ግን አልሰለቸነውም። ከውጭ የሰበሰባችሁትን አፕልዲው የሚባል ፍሬና ሌላውን ይዛችሁ ትገቡና ታበስላላችሁ። ምን ከምን ጋር እንደሚሄድ እየሞከራችሁ ነው የምታገኙት፣ አንዳንዱ ጥምረት ምግብ ሆኖ ይወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ባይሞከር ይሻል ነበር። ሲርባቸው ደግሞ ድብድብ ላይ ይደክማሉ። የሚጠነክሩትም ጠላት በብዛት በማሸነፍ ብቻ አይደለም። አብረው ሲበሉ፣ ሲያወሩ፣ ሲጫወቱም ግንኙነታቸው ያድጋል፣ ጉልበታቸውም ከዚያ ጋር ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ተቀምጦ መብላት እረፍት ሳይሆን የጨዋታው ሥራ ነው። እኔ በበኩሌ ብዙ ጌም አይቻለሁ፣ እራት አብሮ መብላትን እንደዚህ ከቁም ነገር የቆጠረ አላስታውስም።

አሁን ማስጠንቀቂያ። ልጆች ባሉበት እንዳትከፍቱት። ግልጽ የሆነ ነገር አይታይም፣ ግን ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ይዋደዳሉ፣ ልብስም አያበዙም፤ ንግግሩም አንዳንዴ የመኝታ ቤት ንግግር ነው። አማቴ ሶፋው ላይ እያሉ አንድ ትዕይንት መጣና ባለቤቴ ቲቪውን ለማጥፋት የተነሳበት ፍጥነት ኳስ ሲጫወት አይቼው የማላውቀው ነው። እሳቸው ግን "ተዋቸው እንጂ፣ ተጋብተው የለ" ብለው አሳቁን።

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ ብዛቱም ቀላል አይደለም። የሚሳለቁት ፈጥነው ስለሆነ የግርጌ ጽሑፉን አብሩት። ጌሙ የሚኖረው በወሬው ስለሆነ፣ ወሬውን መከተል ለማይመቸው ሰው የሚተርፈው መንሸራተትና ማጽዳት ነው፣ ለዚያ ብቻ ደግሞ ገንዘብ አይከፈልም።

እኛ የምንጫወተው ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ገዝተን ነው፣ መካከለኛ ላፕቶፕ በገመድ ከቲቪ ጋር አገናኝተን። የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ነበረብን፣ የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ፋንም ይጮሃል፣ ግን ጌሙ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ቲቪው ይሞታል፣ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሁለታችን ትንሿ ስክሪን ላይ ተደፍተን የተጫወትንባቸው ማታዎች ከሁሉም ደስ የሚሉኝ ናቸው ማለት ይቻላል። አንዴ ከወረደ ደግሞ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። ከአንድ ሱቅ የገዛነው ሁለተኛው ጆይስቲክ ግን ብዙም ሳይቆይ በራሱ ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። ሱቁ "ስትወስዱት ይሠራ ነበር" ብሎ ሸኘን። ለሳምንታት ኬይ ያለምክንያት ወደ ገደል እየሄደ ተጫወትን።

በኢንተርኔት በቀጥታ ከሌላ ሰው ጋር መጫወት አይቻልም፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ ቦታ መሆን አለባቸው። ባሏ ዱባይ የሚሠራ ጓደኛዬ ይሄን ሰምታ ቅር አላት። በስቲም ላይ ግን ሪሞት ፕለይ ቱጌዘር የሚባል ነገር አለ፤ አንዱ ሰው ብቻ ጌሙን ከገዛ ሌላውን በኢንተርኔት ጋብዞ አጠገቡ እንደተቀመጠ ያጫውተዋል። ሞከሩት። ኔትወርኩ ሲሻል ይሆናል፣ ሲደክም ምስሉ ይንተባተባል፣ ድብድብ ላይ እኩል መልቀቅ ጭራሽ አይታሰብም። እነሱ ድብድቡን እሷ ብቻዋን እንድትጨርሰው ተስማሙና ወሬውንና ማብሰሉን አብረው ያዙ። ለእነሱ እንደዚያ ይበቃል።

መጨረሻው ሁለት ዓይነት ነው። ምን እንደሆኑ አልነግራችሁም። ማለት የምችለው ኮብልለው የመጡ ሰዎች በመጨረሻ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄ መምጣቱን ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያውን ስናይ እኔ አለቀስኩ፣ ባለቤቴ "ዓይኔ ውስጥ ነገር ገባ" አለ። አሁን ከመጀመሪያው እየደገምነው ነው፣ ለሌላኛው መጨረሻ። ሁለተኛው ዙር ላይ የታዘብኩት፣ ገና መግቢያው ላይ ያሉት ተራ ቀልዶች ውስጥ ኋላ የሚመጣው ነገር ተቀምጦ ነበር። ዩ ስለ እናቷ የምትናገረው ነገር መጀመሪያ ላይ አልፎኝ ነበር፣ አሁን ግን እያንዳንዱን እሰማዋለሁ። ድብድቡ ደግሞ በሁለተኛው ዙር ይበልጥ ይሰለቻል፣ ስለዚህ የምንችለውን ያህል እየሸሸን ነው የምናልፈው።

ታሪኩን ብቻ ለሚከተል ሰው 10 ሰዓት አካባቢ ቢወስድ ነው። ሲወጣ ዋጋው 25 ዶላር አካባቢ ነበር። አሁን ቅናሽ ስለሚበዛበት በሙሉ ዋጋ አትግዙት፣ ጠብቁ። ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስና ስዊች ላይም አለ። ብቻውን ለሚጫወት፣ በተለይ ፍልሚያ ለሚወድ ሰው፣ ሌላ ነገር ይፈልግ እላለሁ። ከፍቅረኛ ወይም ከትዳር አጋር ጋር ከሆነ ግን ግዙት፣ ሁለት ደህና ጆይስቲክ ካላችሁ። ለጆይስቲኩ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ ግራና ቀኙን በደንብ።