ቼይን ኦፍ ሜሞሪስ፦ በእጅ ወይስ በቲቪ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ በእጅ የሚያዘውን የጌም መጫወቻ፣ ጌም ቦይ አድቫንሴን ይዣለሁ። የምጫወተው «ቼይን ኦፍ ሜሞሪስ»ን ነው፤ ይህ የ«ኪንግደም ኸርትስ» ጌም ተከታይ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው።

ውጊያው በካርድ ነው። ጠላት 5 ሲጥል 6 ከጣልክ ትሰብረዋለህ። 0 ግን ልዩ ናት፤ ዘግይተህ ከጣልካት 9ንም ትሰብራለች፣ ቀድመህ ከጣልካት ማንኛውም ካርድ ይሰብራታል። ሦስት ካርድ አጣምረህ ኃይለኛ ምት ታወጣለህ። የመጀመሪያው ካርድ ግን ውጊያው እስኪያልቅ የለም። ይሄ ነው ልቤን የሚሰቅለው!

በቲቪ ለሚጫወቱበት ፕሌይስቴሽን 2 እንደገና የተሠራው ባለ 3ዲ ነው፣ ድምፅም አለው። በጣም ያምራል። ካሜራው ሲዞር ግን ዓይኔ ከካርዱ ይሸሻል። በትንሿ ስክሪን ሁሉም ፊቴ ነው። ታሪኩን ለማየት ከሆነ የቲቪውን ውሰዱ፤ ለካርዱ ሲባል ግን ጌም ቦዩን አልለቅም።