የፓርኪንሰን መድኃኒት ሲጠፋ «ያው ነው» ተብሎ የሚሸጥላችሁን ተጠንቀቁ

የፓርኪንሰን ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ከፋርማሲ ሲጠፋ «እኔ ጋ አለ» የሚሉ ሻጮች ወዲያው ብቅ ይላሉ፤ በስልክ መልእክት፣ በማኅበራዊ ገጽ፣ በሰው በሰው። የሚሸጡት ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። ብዙዎች የሚጎዱት በእውነተኛ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱ እውነተኛ ነው፣ ግን ለእነሱ የታዘዘው አይደለም። «ያው ነው፣ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው» ካሏችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሽጉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ከቁጥሮቹ እንጀምር፤ ትልቁ ወጥመድ እዚያ ነው። ካርቢዶፓና ሌቮዶፓ በአንድነት የያዘ ክኒን 25/100 ሲባል 25 ሚሊ ግራም ካርቢዶፓ፣ 100 ሚሊ ግራም ሌቮዶፓ ማለት ነው። አንዳንድ አገር ተገልብጦ 100/25 ተብሎ ይታተማል፤ ትልቁ ቁጥር ምንጊዜም ሌቮዶፓው ነው። 10/100 እና 25/250 የሚባሉም አሉ። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ 25/100 የታዘዘለት ሰው በቀን 300 ሚሊ ግራም ሌቮዶፓ ያገኛል። በምትኩ 25/250 ገዝቶ ክኒን በክኒን ቢተካ 750 ይሆናል፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ውጤቱም ከቁጥጥር ውጪ የሆነ የሰውነት መወራጨት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብድግ ሲሉ ራስ ማዞርና መውደቅ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት ነው።

«እንግዲያው ለሁለት ክፈሉት» የሚል ሻጭ አይጠፋም። የ25/250 ግማሽ 125 ሌቮዶፓ ስለሆነ ስሌቱ የቀና ይመስላል። ካርቢዶፓው ግን 12.5 ብቻ ነው፤ በቀን ሦስት ግማሽ ቢወሰድ 37.5 ላይ ይቀራል። ካርቢዶፓ የተጨመረው ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በሌላው የሰውነት ክፍል ወደ ዶፓሚን (አንጎል ለእንቅስቃሴ የሚፈልገው ንጥረ ነገር) ተለውጦ እንዳያልቅ ነው፤ ይህን ሥራ በደንብ እንዲሠራ በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። ሲያንስ ሆድ ይረበሻል፣ ያስመልሳል፣ አንጎል የሚደርሰውም ይቀንሳል። ለዚህ ነው 25/100 የሚወስድ ሰው 10/100 ሲሰጠው ሌቮዶፓው እኩል ሆኖ ሳለ የሚታመመው፤ ሦስት ክኒን ተወስዶ ካርቢዶፓው 30 ብቻ ነው። አስቸጋሪው ነገር፣ ማቅለሽለሹን ለማስቆም ተብሎ ሜቶክሎፕራማይድ ይገዛል፤ እሱ ደግሞ አንጎል ውስጥ ዶፓሚንን ስለሚያግድ መንቀጥቀጡንና ግትርነቱን ያባብሰዋል። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ይህን መድኃኒት መውሰድ የለበትም።

ሌላው ወጥመድ «250» የሚለው ቁጥር ራሱ ነው። ማዶፓር በሚባለው ሌላ የሌቮዶፓ መድኃኒት ውስጥ በካርቢዶፓ ፋንታ ቤንሴራዛይድ አለ፤ ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። ማዶፓር 250 ሲባል ግን ቁጥሩ የሁለቱ ድምር ነው፤ 200 ሌቮዶፓ እና 50 ቤንሴራዛይድ። ማዶፓር 125 ደግሞ 100 እና 25። ስለዚህ 25/250 እና ማዶፓር 250 እኩል አይደሉም፤ የሌቮዶፓ ልዩነታቸው በአንድ ክኒን 50 ሚሊ ግራም ነው፣ በቀን አራት ጊዜ ለሚወስድ 200። ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር ይቻላል፤ በዕጥረት ጊዜ ሐኪሞች የሚያደርጉትም ነው። ግን ሐኪሙ ሌቮዶፓውን ለይቶ አስልቶ ነው እንጂ በስሙ ላይ ባለው ቁጥር አይደለም። ካርቢዶፓና ሌቮዶፓ ያለበት ስታሌቮ የሚባለው ክኒን ደግሞ በእያንዳንዱ ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ኤንታካፖን (የሌቮዶፓን ሥራ የሚያራዝም መድኃኒት) ስላለው በአንድ ጊዜ ከአንድ ክኒን በላይ አይወሰድም፤ ስታሌቮ 100 ሲጠፋ ሁለት ስታሌቮ 50 አንድ ላይ መውሰድ ኤንታካፖኑን እጥፍ ያደርገዋል።

ከስሙ አጠገብ «ሲአር» የሚል ካያችሁ ቀስ እያለ የሚለቅ ክኒን ነው። ከውስጡ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ሌቮዶፓ ከመደበኛው ክኒን አንጻር 70 ከመቶ ገደማ ነው፣ ሥራ ለመጀመርም ይዘገያል። መደበኛውን በእሱ የተካ ሰው ጠዋት ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው «መድኃኒቱ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ሁለተኛ ይጨምራል፤ ከሰዓታት በኋላ ሁለቱም ተደራርበው ይመጣሉ። ፈጥኖ እንዲሠራ መፍጨት ወይም ማኘክ ደግሞ ቀስ ብሎ ሊለቀቅ የተሠራውን በአንዴ መልቀቅ ነው። መሐሉ ላይ መስመር ያለው ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ ከዚያ በላይ አይነካም።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ ጉዳት የለውም» ተብሎ የሚሸጠው የሙኩና (ባቄላ መሰል ተክል) ዱቄት ጉዳይም አለ። ሙኩና በእርግጥ ሌቮዶፓ አለው፤ የሚያሳስበውም ይኸው ነው። ካርቢዶፓ የለውም፣ መጠኑም እሽጉ ላይ ከተጻፈው ጋር በእጅጉ የማይገጥምባቸው ምርቶች ተመርምረው ተገኝተዋል። ብቻውን ሲወሰድ አብዛኛው አንጎል ሳይደርስ ይባክናል፣ ያስመልሳል። ቤት ከቀረው ክኒን ጋር ሲቀላቀል ግን የክኒኑ ካርቢዶፓ ለሙኩናውም ስለሚሠራ መጠኑ ሳይታሰብ ይንራል። በማንኪያ የሚለካ ነገር በሚሊ ግራም የሚቆጠር መድኃኒትን አይተካም። እንዲሁ ትራይሄክሲፈኒዲል፣ ብዙዎች አርቴን የሚሉት፣ የሌቮዶፓ ምትክ አይደለም። መንቀጥቀጥን ሊቀንስ ይችላል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ግን ግራ ያጋባል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሆድ ያደርቃል።

እሽጉን ስታዩ ቀለም አይምራችሁ። አንድ ዓይነት ጥንካሬ (የሚሊ ግራም መጠን) ያለው ክኒን እንደ አምራቹ ቢጫም ሰማያዊም ነጭም ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ ሙሉ ስትሪፕ (ክኒኖቹ የታሸጉበት ሉህ) ነው፤ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬው፣ የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩና የመጠቀሚያ ጊዜው የሚነበብበት፣ ሣጥኑ ላይ ካለው ጋርም የሚገጥም። ብዙ ስትሪፕ ላይ የመጠቀሚያ ጊዜው የሚታተመው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ያ ጫፍ ተቆርጦ የሚሸጥ ከሆነ አትግዙ። ከስትሪፕ ወጥቶ በላስቲክ የተቋጠረ ክኒንም እንደዚያው። ሌቮዶፓ እርጥበትና ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ያለበት ወይም ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ተበላሽቷል። ፎቶ ብቻ ልኮ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅን ሰው አትመኑ፤ የስትሪፑን ጀርባ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት፣ እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቤት ያለውን ቁጠሩና ለቀን በሚወሰደው አካፍሉ፤ ከሁለት ሳምንት በታች የሚበቃ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪማችሁን አግኙ። ስትሄዱ የምትወስዱትን ጥንካሬና ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። ማዘዣው በንግድ ስም ብቻ ሳይሆን በካርቢዶፓና ሌቮዶፓ ስም እንዲጻፍ፣ 25/100 ከጠፋም ምን ተፈልጎ ስንት እንደሚወሰድ እዚያው እንዲሰፍር ለምኑ። በንግድ ስም ብቻ የሚጠይቅ ሰው የሌላ አምራች ተመሳሳይ ክኒን መደርደሪያው ላይ እያለ «የለም» ተብሎ ይመለሳል። ፋርማሲው ሙሉውን ካላገኘ ያለውን ከፍሎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ማብቃቃት ግድ ከሆነ እንኳ ሐኪሙ ከእያንዳንዱ ሰዓት ላይ ቀንሶ ያከፋፍለዋል፤ «ሁለት ቀን ወስጄ አንድ ቀን ልዝለል» የሚለው አደገኛ ነው። የብረት ማዕድን ክኒን የሚወስድ ሰው ከሌቮዶፓው ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያራርቀው፤ ብረት ሌቮዶፓን ይይዘዋል፣ ያላችሁ ትንሽ መድኃኒት እንዳይባክን።

ከማይታወቅ ሻጭ የገዛችሁት ካለ ከቀድሞው ክኒን ጋር በአንድ ዕቃ አትቀላቅሉት። ከነሣጥኑ ለፋርማሲስት አሳዩት፤ ሐሰተኛ ከመሰለም የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባች ቁጥሩን ይፈልጋል።

ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ወይም በጣም ሲቀንስ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት መድረቅ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት ሊመጣ ይችላል። ይህ ጉንፋን አይደለም፣ ይገድላል፤ ታማሚውን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እዚያ ስትደርሱ የመጨረሻው ክኒን በስንት ሰዓት እንደተወሰደና ጥንካሬው ስንት እንደሆነ ንገሩ፣ ሜቶክሎፕራማይድና ሃሎፔሪዶል (ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት) እንዳይሰጠውም አስታውሱ።